ደረሰኙን አልጠየቅኩትም

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ነጯ መኪናዬ ነው። ደህና ናት፣ አትደንግጡ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራችባት። በገና ሰሞን የገዛኋት መኪና፣ ገና ዓመት ያልሞላት! ወደ ዲለሩ፣ ወደ መኪና ሻጩ ድርጅት ይዣት ሄድኩ። ልጁ ቁልፉን ተቀበለኝ፣ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና «የመጀመሪያውን ሰርቪስ የት ነው ያስደረግሽው? እዚህ ምንም አይታየኝም» አለኝ። ሌላ ቦታ ነው አልኩት። «እሺ። ደረሰኙ አለ?»

ዝም አልኩ።

ችግሩ አንዲት ትንሽ ሴንሰር ሆና ተገኘች። በፋብሪካው ዋስትና ቀየሩልኝ፣ ሳንቲም አልከፈልኩም። ስለ ደረሰኙም ደግሞ ያነሳብኝ የለም። ታዲያ ሌሊቱን ለምን እንቅልፍ አጣሁ?

ያንን የመጀመሪያ ሰርቪስ ያስደረግኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ከፋሲካ በኋላ ያለች ቅዳሜ ናት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሁላችንም መኪናችንን የምናሳየው መካኒክ ልጅ ጋ። ዘይቱን ደፋ፣ ፊልትሮውን ቀየረ፣ አዲሱን ሞላ። የዘይት መለኪያውን አወጣ፣ በጨርቅ ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ እንደገና አውጥቶ ዓይኔ ሥር አመጣልኝ። «እይው፣ ማር ነው የሚመስለው» አለኝ። እውነትም ማር ይመስል ነበር። ከራሱ ቴርሞስ ቡና ቀዳልኝ። 80 ዶላር ሰጠሁት፣ 20ዋን መለሰልኝ። «ለልጅሽ ቸኮሌት ግዢበት።»

ያኔ ነው። «ደረሰኝ ትጽፍልኛለህ?» የምትል ነገር አፌ ላይ ደርሳ ተመለሰች። ቡናውን አጠጥቶኝ፣ 20 ዶላር መልሶልኝ፣ እኔ ወረቀት ልጠይቀው? አላምንህም እንዳልኩት መሰለኝ። አመስግኜው ሄድኩ።

ግን እኮ እናቴ የዕድር ገንዘብ ያዥ ነበረች። ለአምስት ብርም ደረሰኝ ትቆርጥ ነበር። ጎረቤት «ኧረ እኛና አንቺ!» ሲላት «ስለምንዋደድ ነው የምቆርጠው» ትላለች። ካርኒዋን ከመጽሐፍ ቅዱሷ አጠገብ ነበር የምታስቀምጠው። ታዲያ እኔ ይህን ይሉኝታ ከማን ወረስኩት? አላውቅም። ብቻ...

ሕጉን አንብቤዋለሁ። እዚህ አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ማግነሰን ሞስ የሚባል የዋስትና ሕግ አለ። ሰርቪሱን በነፃ ካልሰጡሽ በቀር «እኛ ጋ ካላስደረግሽ ዋስትናሽ ይቀራል» ሊሉሽ አይችሉም። አንዱ ሰርቪስ ስላለፈሽ ብቻም ዋስትናው በሙሉ አይጠፋም። ነገር ግን አንድ ቀን ሞተሩ ቀጥ ቢልና ምክንያቱ የዘይት ነው ቢባል፣ «ቀይሬያለሁ» ብሎ መማል አይበቃም። ቀኑ፣ ማይሉ፣ የዘይቱ ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ያስፈልጋል። የነጯ የሞተር ዋስትና 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው። ገና ብዙ መንገድ አለብን።

ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ ዘይቱን ቀድሜ መቀየሬ ነው! አባዬን ታውቁታላችሁ። በኤንትሬ የጭነት መኪና አሰብ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ነጯን የገዛሁ ዕለት በስልክ «1,000 ኪሎ ሜትር ስትሞላ ዘይቱን ድፊው። አዲስ ሞተር ይፋጫል፣ የብረት ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይገባል» አለኝ። 1,000 ኪሎ ሜትር 620 ማይል ገደማ ነው። አባዬ፣ የዛሬ ሞተር እንደ ድሮው አይደለም፣ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ እንዲህ አይልም አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «መጽሐፉ የሚያስበው እስከ ዋስትናው ድረስ ነው። አንቺ ከዚያ በኋላ አትነጂያትም እንዴ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ዛሬም የለኝም። 620 ላይ አልቀየርኩም፣ መጽሐፉ የሚለውን 10,000 ማይልም አልጠበቅኩም። መሀል ላይ አስቀየርኩ።

በኋላ መጽሐፉን በደንብ ሳነበው ሌላ ነገር አገኘሁ። ዘይት በ10,000 ማይል ወይም በዓመት ይላል፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከሥሩ ግን በትንንሽ ፊደል ለታክሲ፣ ቤት ለቤት ዕቃ ለሚያደርስ፣ ሞተር አስነስቶ ብዙ ለሚቆም መኪና ግማሹን፣ 5,000 ማይል ይላል። ቅዳሜና እሁድ ምግብ አደርሳለሁ፣ ታውቃላችሁ። ለካ እኔ የ5,000ው ሰው ነኝ! ኡበር የምትነዱ፣ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሞተር ሳታጠፉ የምትጠብቁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እባካችሁ ያቺን ገጽ ዛሬ ማታ ፈልጓት። መኪናችሁ እኮ እንጀራችሁ ናት።

ጓደኛዬ «ሄደሽ አሁን አጽፊው፣ ምን ችግር አለው?» አለችኝ። መካኒኩ እምቢ አይለኝም፣ ያለፈውን ቀን አድርጎ ይጽፍልኛል። ግን ማይሉን ስንት ብዬ ላጽፈው? ሥራው እውነት ነው። ቁጥሩ ግን ዛሬ የፈጠርኩት ሊሆን ነው። ይሄ ውሸት ነው? ለእሷ ቀላል ነው። እኔ ግን... ነገ አንድ ሰው ያንን ወረቀት ይዞ ልጁን ቢጠይቀውስ?

ትናንት ማታ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። መስታወቱ ጥግ ላይ መካኒኩ የለጠፋት ትንሽ ወረቀት አለች፣ ቀጣዩ ዘይት የሚቀየርበት ማይል በእጅ የተጻፈባት። ከሱ ላይ 5,000 ብቀንስ ያን ቀን የነበረውን አገኘዋለሁ። በስልኬ መብራት አየኋት። በጋውን ሙሉ ፀሐይ መቷታል። 9,6 ድረስ ይነበባል። ፎቶ አነሳኋት፣ አጉልቼ አየኋት። አንዴ 40 ይመስለኛል፣ አንዴ 90። ቅዳሜ ይዤለት ልሂድ ይሆን... እሱ የራሱን ጽሑፍ ይለየው ይሆናል። ወይም ደግሞ...