ፎቶ ቡዝ እንከራይ ወይስ ይቅርብን?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ ከሥራ ገብቼ ቡናዬን አፈላሁና ማይኩን ከፈትኩት፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር ጮክ ብዬ ካላወራሁት አይወጣልኝም። እንደምታውቁት ሰርጋችን መስከረም ላይ ነው፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። አዳራሹ ተይዟል፣ ምግቡም ዲጄውም አልቋል፣ የቀረን ፎቶ ቡዝ፣ ያ ራሱ ቆጥሮ እያነሳ ፎቶውን እዚያው አትሞ የሚሰጠው ማሽን፣ እንከራይ ወይስ ይቅርብን የሚለው ብቻ ነበር። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፣ እኔን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ብሩን እንጨርስ። ያናገርኩት ልጅ ለ4 ሰዓት 800 ዶላር አለኝ፣ የፈለግነውን ያህል ፎቶ፣ ማሽኑ ጋ የሚቆም አንድ ሰው፣ ከኋላ የሚሰቀለው ጨርቅ፣ ሁሉም አለበት። አዳራሹ ደግሞ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ካላየሁ አላስገባውም ብሎ ነበር፣ ልጁ ወዲያው ላከው፣ እሱ ላይ አልተቸገርንም። የተቸገርነው ሰዓቱ ላይ ነው። የእኛን ሰርግ ታውቁታላችሁ፣ ካርዱ ላይ 12 ሰዓት ተብሎ ሰው የሚገባው ሁለት ተኩል ነው፣ ሙሽሮች ሦስት ሰዓት ላይ ይገባሉ፣ ከዚያ ራት፣ ከዚያ ኬክ፣ ከዚያ ጭፈራ። ማሽኑ በካርዱ ሰዓት ከጀመረ ከግማሽ በላይ ጊዜውን ባዶ አዳራሽ እያየ ይጨርሰዋል። ዘግይቼ ላስጀምርህ ስለው ተክሎ ለሚጠብቅበት ለእያንዳንዱ ሰዓት 50 ዶላር ይጨመራል አለኝ። እሺ፣ ተገቢ ነው፣ ሰውየውም ጊዜው ነው።

ከዚያ ደግሞ እንግዳው 350 ነው። አንድ ዙር ሰው ገብቶ፣ ተቆጥሮለት፣ አራት ፎቶ ተነስቶ፣ ታትሞ እስኪወጣ አንድ ደቂቃ ተኩል ብንል፣ ማንም ሳያመነታ በሰዓት 40 ዙር ነው። ይሄን ለእማዬ በስልክ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና "ልጄ፣ የጠራሁትን ሰው ላሰልፈው ነው እንዴ?" አለችኝ። ቃሏ ከልቤ አልወጣም፣ ምክንያቱም እውነቷን ነው፣ እኛ ጋ እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ አይሰለፍም፣ በተለይ ትልቅ ሰው።

አምና አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ቡዙን ኮሪደር ላይ ነበር ያቆሙት፣ ወጣቱ በሙሉ እዚያ ሄዶ ትልቅ መነጽርና የካርቶን ጺም እያደረገ ሲነሳ አዳራሹ ሳሳ፣ ዲጄው በማይክ እየለመነ ነው ሰው የሚመልሰው፣ እናቶች ደግሞ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠረጴዛቸው ጋ ቁጭ ብለዋል። ማታ ስንወጣ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ፎቶ ከብርጭቆ ጋር ሲሰበሰብ አየሁና በጣም አዘንኩ። እጮኛዬም እሱን አይቶ ነው "በቃ ይቅርብን፣ ሰው ይጨፍር" የሚለው።

ግን እዚያው ሰርግ ላይ ሌላም ነገር አየሁ። አንዲት ትልቅ ሴት፣ የሙሽራው አያት መሰሉኝ፣ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቆሙ፣ ማሽኑ መቁጠር ጀመረ። ወረቀቱ ሲወጣ ጎንበስ ብዬ አየሁት። የመጀመሪያው ላይ ኮስተር ብለዋል፣ ሁለተኛው ላይ የት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ዓይናቸው ወደ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ግን ልጅቷ ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር ብላቸው ከልባቸው እየሳቁ ነው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሊሸፍኑ እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ደርሷል። ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት፣ ከዚያ ከቦርሳቸው ውዳሴ ማርያማቸውን አውጥተው መሀሉ ላይ አስቀመጡት።

እኔን የያዘኝ ያ ሦስተኛው ፎቶ ነው።

አባቴ ያረፈው በ2013 ነው፣ አዲስ አበባ። ለቅሶ ላይ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ ሲፈለግ ቤቱን ሙሉ ገለበጥነው፣ አልበሙ ውስጥ እኛ አለን፣ ክርስትናው አለ፣ ምርቃቱ አለ፣ እሱ የለም፣ ሁሌ የሚያነሳው እሱ ስለነበረ። አንድ የዘመድ ሰርግ ላይ የተነሳው ተገኘ፣ እሱም ላይ ሚዜው ግማሽ ፊቱን ጋርዶታል። መጨረሻ ላይ ከመሥሪያ ቤት መታወቂያው ላይ ጉርድ ፎቶውን ላጥነውና ተልኮ ትልቅ ሆኖ ታጠበ። ትከሻው ላይ የማህተሙ ጠርዝ፣ ያ ወይን ጠጁ ቀለም፣ አብሮ ተልቆ ወጣ። ለቅሶ ልትደርስ የመጣች የሰፈራችን ሴት ፎቶው ፊት ቆማ "ኧረ እሱ እንዲህ ኮስታራ አልነበረም" አለች። እውነቷን ነው፣ አልነበረም። አባቴ ሲስቅ ትከሻው ነበር የሚንቀጠቀጠው፣ እሱን የሚያሳይ አንድም ወረቀት የለንም።

ስለዚህ ሰዎች "አሁን ሁሉም ሰው ስልክ አለው፣ ቡዝ ምን ይሠራል" ሲሉኝ ለእኔ መልሱ ያ ነው። ስልክ ላይ ያለው የትልልቆቹ ፎቶ የልጆቻቸው ስልክ ላይ ነው ያለው፣ እነሱ እጅ አይገባም። ካሜራ ማኑም መብራቱን ይዞ ጠረጴዛ ጋ ሲመጣ ትልልቆቹ ሁሉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ድርቅ ይላሉ፣ ልክ ለጉርድ ፎቶ እንደተቀመጡ። ማሽኑ ጋ ግን ፊታቸው የቆመ ሰው የለም፣ ደግሞ አራት ጊዜ ነው የሚያነሳው፣ አራቱንም ጊዜ ኮስተር ብሎ መቆየት ለሰው ይከብዳል።

ይሄ ነገር ከመቶ ዓመት በፊትም እንደዚሁ ነበር። አናቶል ጆሴፎ የሚባል ከሳይቤሪያ የመጣ ሰው ነው በፈረንጆቹ 1925 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ማሽኑን የተከለው፣ 25 ሳንቲም ከፍለህ 8 ፎቶ፣ 8 ደቂቃ ያህል ቆመህ ጠብቀህ ትወስዳለህ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 280,000 ሰው ተነሳበት ይባላል። ዛሬ ማተሚያው በሰከንዶች ነው የሚያወጣው፣ ሰውን የሚስበው ግን ያው ነው፣ ወረቀቱ ትኩስ ትኩሱን እጅህ ላይ ይገባል።

እሺ፣ እንግዲህ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። እንከራየዋለን፣ ግን በእኛ መንገድ። ያቺን ስንገባ የምትለኮሰውን ብልጭታና የመጀመሪያው ዳንስ ላይ ያለውን ጭስ አስቀርቼ ብሩን ወደዚህ አዞርኩት፣ እጮኛዬም ጭሱ ሲቀር ቅር አላለውም። ማሽኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፣ የሚጠብቅበትን እንከፍላለን። ኮሪደር ላይ አይቆምም፣ አዳራሹ ውስጥ ከቤተሰቡ ጠረጴዛ ጎን ነው። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት የትልልቆቹ ብቻ ነው፣ ሁለት የአክስቴ ልጆች እየዞሩ አንድ በአንድ እጃቸውን ይዘው ያመጧቸዋል፣ ማንም አይሰለፍም። እማዬን ይሄን ስነግራት "እንደሱ ከሆነ ጥሩ" አለች። መነጽሩና ጺሙ ለወጣቶቹ በኋላ ይወጣል። ሁለት ሁለት ኮፒ ይታተማል፣ አንዱን ይዘውት ይሄዳሉ፣ አንዱ ደብተር ላይ ተለጥፎ ምርቃታቸውን ይጽፉበታል። ኢንተርኔት ላይ የሚጫነውም ያለ ፓስወርድ እንዳይታይ ነግሬዋለሁ፣ ፎቶው ሲዞር ደስ የማይለው ዘመድ አለና።

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ከሲያትል ይመጣል። 81 ዓመቱ ነው፣ እሱም ሲስቅ ትከሻው ነው የሚንቀጠቀጠው። እማዬ ደግሞ ነሐሴ ላይ ትገባለች። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጬ አራቱንም ፎቶ እንዲነሱ እፈልጋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ቅድመ ክፍያውን ከመላኬ በፊት ለልጁ ደውዬ ወንበር አለህ ወይ አልኩት። ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚነሳው፣ ወንበር ይዤ መጥቼ አላውቅም አለኝ። ካሜራውን ለተቀመጠ ሰው ዝቅ ማድረግ ትችላለህ ወይ አልኩት፣ እሱስ ይቻላል አለኝ። በቃ ወንበሩን እኔ አመጣለሁ አልኩትና ብሩን ላክሁለት።