ራሙን ከመንካትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የስልክ መስመራችን ክፍት በነበረበት ሰዓት የደወላችሁ አድማጮች አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር ከራም (የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው ከሚይዘው ክፍል)፣ መረጃ በቋሚነት ከሚቀመጥበት ዲስክና ከሌሎች የኮምፒውተር ክፍሎች ጋር ስለሚገናኝበት መንገድ ነው። በሰዓት ጥበት ያሳጠርኳቸውን መልሶች እዚህ አሟልቻቸዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ፕሮሰሰሩ ፈጣን ነው ተብዬ የገዛሁት ኮምፒውተር ሦስት ፕሮግራም ስከፍት ይንቀራፈፋል። ራሙ 4 ጊጋ ነው። ተታልዬ ይሆን?»

አልተታለሉም፤ ሻጩ የነገረዎት ግን ግማሹን ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ በራሱ ውስጥ የሚይዘው መረጃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የሚሠራበትን ሁሉ ከራም ማስመጣት አለበት። የሚፈልገው መረጃ የት እንደሚገኝ በአድራሻ መስመሮቹ ይናገራል፤ ማንበብ ወይም መጻፍ መፈለጉን በመቆጣጠሪያ መስመሮቹ ይገልጻል፤ መረጃው ራሱ ደግሞ በዳታ መስመሮቹ ይመላለሳል። ይህ አንድ ምልልስ 100 ናኖሰከንድ (ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ሊፈጅ ይችላል፤ በ3 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ደግሞ በዚህ ጊዜ ውስጥ 300 ምት (የሥራ እርምጃ) ይመታል። የዓባይን በረሃ በጭነት መኪና የተሻገረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ከደጀን ወዲህም ሆነ ከጎሐ ጽዮን ወዲያ መኪናው ሜዳው ላይ የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ የሚደርስበትን ሰዓት የሚወስኑት ቁልቁለቱና ዳገቱ ናቸው። የከተማዎ ነጋዴ ስኳር በተጠየቀ ቁጥር አዲስ አበባ እንደማይሄድና በመጋዘኑ አከማችቶ እንደሚሸጥ ሁሉ፣ ፕሮሰሰሩም ደጋግሞ የሚፈልገውን በውስጡ ባለው ካሽ ያስቀምጣል፤ ከቅርቡ ካሽ በ4 ወይም በ5 ምት ያገኘዋል።

የእርስዎ ኮምፒውተር ግን ከዚህ የባሰ መንገድ ነው የሚሄደው። 4 ጊጋው ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸጋግራል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ መልስ የሚሰጠው በሚሊሰከንድ እንጂ በናኖሰከንድ አይደለም። ስለዚህ ፕሮሰሰር ለመቀየር ገንዘብዎን አያውጡ፤ ራም ይጨምሩ። ሲጨምሩም ሶኬቱን አስቀድመው ይንቀሉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «አንድ ባለ 8 ጊጋ ራም ይሻላል ወይስ ሁለት ባለ 4?»

ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ሁለት ቻናል፣ ማለትም ወደ ራም የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ካሉት ሁለቱ ይሻላሉ። ዲዲአር 4 የሚባለው ዓይነት አንድ ራም በ3200 ፍጥነት በሰከንድ እስከ 25.6 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ በሁለት ቻናል ሲሠሩ 51.2 ይሆናል። በየትኛው ቀዳዳ እንደሚሰኩ ከማዘርቦርዱ መመሪያ ያንብቡ፤ ሶኬቱንም ነቅለው ይሥሩ።

ከቢቸና፦ «የዲዲአር 3 ራም በዲዲአር 4 ቀዳዳ ይገባል?»

አይገባም፤ በግድ አይግፉት።

ከቡሬ፦ «ኮምፒውተሬ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆንብኝ ራሙን አውጥቼ በላጲስ ጠርጌ እመልሰዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይነሳልኛል። ሶኬቱን ግን አልነቅልም፤ በቁልፉ ስለማጠፋው ችግር አለው?»

አለው፤ ከባድ ችግር አለው። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም እደነግጣለሁ። እባክዎ ወዳጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

ኮምፒውተሩን በቁልፉ ሲያጠፉት ኤሌክትሪኩ አይቋረጥም። ሶኬቱ እስከተሰካ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪኩን ከሶኬቱ ተቀብሎ ለክፍሎቹ የሚያከፋፍለው) ለማዘርቦርዱ 5 ቮልት መላኩን ይቀጥላል፤ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ከጠፉ በኋላም የምትበራውን ትንሽ መብራት ያስተዋለ ሰው ይህን ያውቃል። ኮምፒውተሩ አንቀላፍቶ ከሆነ ደግሞ ራሙ ራሱ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ነው፤ ካልተቀበለ የያዘውን ይረሳልና። በዚህ ሁኔታ ራሙን ሲነቅሉት ወይም አጣምመው ሲሰኩት፣ እርስ በርሳቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት የተደረደሩት መገናኛዎች ይነካካሉ፤ ኃይል የሚያልፍበት መስመር መረጃ ከሚያልፍበት ጋር ይገናኛል። ጉዳቱም በራሙ ብቻ አያበቃም። ቀድሞ ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል በማዘርቦርዱ ላይ ለብቻው ይቀመጥ ነበር፤ ኤኤምዲ በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገብተውታል። ስለዚህ ከራሙ ቀዳዳ የሚነሳ ጥፋት በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

የዲቫይደሩን ማጥፊያ መጫንም አይበቃም። እኛ የምንጠቀምበት ሶኬት ተገልብጦም ስለሚሰካ፣ ማጥፊያው አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ኃይል ያለበት ሽቦ ሳይቆረጥ ሊቀር ይችላል። ሶኬቱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ከዚያም የቀረው ኃይል እንዲያልቅ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውም መውጣት አለበት።

ላጲሱንም ይተዉት፤ መገናኛዎቹ የተቀቡት ወርቅ እጅግ ስስ ስለሆነ ላጲስ ይፍቀዋል፣ ፍርፋሪውም ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። አረቄም ቤንዚንም አይሆኑም። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ጥቂት የአይሶፕሮፒል አልኮል አድርገው ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ። በበጋው ደረቅ አየር ሰውነታችን የሚሸከመው ኤሌክትሪክ ከ3,000 ቮልት በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አይሰማንም፤ ቺፑን ለማበላሸት ግን ጥቂት መቶ ቮልት ሊበቃ ስለሚችል፣ ራሙን ከመያዝዎ በፊት ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ፤ ራሙንም በጠርዙ ብቻ ይያዙ።

ደግሞም ልብ ይበሉ፤ ራሙ በየሳምንቱ መጠረግ ካስፈለገው ችግሩ አቧራ ላይሆን ይችላል። ቀዳዳው ወይም ራሙ ራሱ ስለተበላሸ ሊሆን ስለሚችል ለጥገና ባለሙያ ያሳዩት።

ከዳንግላ፣ ተማሪ፦ «ኪቦርዱን ስነካ ፕሮሰሰሩ እንዴት ያውቃል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ፕሮሰሰሩ ኪቦርዱን ሲጠባበቅ አይውልም። የዩኤስቢ ተቆጣጣሪው ኪቦርዱን በየጥቂት ሚሊሰከንዱ ይጠይቃል፤ አዲስ ነገር ሲያገኝ ኢንተራፕት የሚባል ጥሪ ለፕሮሰሰሩ ይልካል። ፕሮሰሰሩም የያዘውን ሥራ የት እንዳቆመ መዝግቦ ጥሪውን ያስተናግድና ወደ ሥራው ይመለሳል። ብዙ መረጃ የሚያመላልሱት እንደ ዲስክ ያሉት ደግሞ ዲኤምኤ በሚባለው ዘዴ መረጃውን ራም ውስጥ ራሳቸው አስቀምጠው ሲጨርሱ ብቻ ይጠሩታል። ይህ ዘዴ ባይኖር ፕሮሰሰሩ ቀኑን ሙሉ ባይት ሲያጓጉዝ በዋለ ነበር።

ከሞጣ፦ «8 ጊጋ ራም አስገብቼ ኮምፒውተሩ ከ4 በታች ያሳየኛል፤ ራሙ አስመስሎ የተሠራ ይሆን?»

ዊንዶውስዎ ባለ 32 ቢት መሆኑን ነግረውኛል፤ ምክንያቱ እርሱ ነው። በ32 ቢት (ቢት ዜሮ ወይም አንድ ማለት ነው) የሚጻፉት አድራሻዎች 4,294,967,296 ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ አድራሻ አንድ ባይት ስለሚያመለክት ይህ 4 ጊጋባይት ነው፤ ከእርሱም ላይ የቪዲዮ ካርዱና ሌሎች ክፍሎች የሚጠሩበት አድራሻ ይቀነሳል። ፕሮሰሰሩ የሚቀበል ከሆነ ባለ 64 ቢት ያስጭኑ፤ ፋይሎችዎን ግን በቅድሚያ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።

ከባሕር ዳር፦ «መብራት ሲጠፋ ሴቭ ያላደረግሁት ጽሑፍ የት ይሄዳል?»

የትም አይሄድም እኅቴ፤ ይጠፋል። ራም እያንዳንዱን ቢት የሚይዘው በደቃቅ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅም ዕቃ) ውስጥ ባለ ቻርጅ ነው፤ ቻርጁ ስለሚፈስ በየ64 ሚሊሰከንዱ መታደስ አለበት። መብራት ሲጠፋ የሚያድሰው የለም። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ይግዙ፤ በየጥቂት ደቂቃውም ሴቭ ያድርጉ። መብራቱ ሲመለስ ቮልቴጁ ሊዘል ስለሚችል፣ እንደጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉና ሲረጋጋ መልሰው ይሰኩ።

ከእንጅባራ፦ «ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተቃጠለ ሽታ ይሸተኛል፤ ፓወር ሰፕላዩን ፈትቼ ላየው እችላለሁ?»

አይፍቱት። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊገድሉ ይችላሉ። ሶኬቱን ይንቀሉ፣ መልሰው አይሰኩት፣ ለባለሙያ ይውሰዱት።