ሐረርን ገበያ ሠራት፤ ገበያውንስ ማን ሠራው?

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ስለ ሐረር ልማት በተነጋገርን ቁጥር ስለ መንገድ፣ ስለ ብድርና ስለ ሆቴል እንሰማለን። ሁሉም ያስፈልጋሉ። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን እነዚህ ሁሉ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ስለነበረው፣ አሁንም ስላለው ሀብት ነው፤ ስለ መተማመን።

የጀጎልን ግንብ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ዘመኑ የጦርነት ነበር፣ ግንቡም የተሠራው ከተማዋን ከጥቃት ለመከላከል ነው። አምስቱ በሮች ግን ለንግዱም መግቢያና መውጫ ነበሩ። ከዘይላ ወደብ ጨርቅ ጭኖ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴም፣ እህልና ቡና ይዞ የሚገባው የኦሮሞ ገበሬም በእነሱ ያልፍ ነበር። አሚሮቹ የራሳቸውን ሳንቲም ያስመቱ ነበር። ከተማዋ የእስልምና ትምህርት ማዕከል በመሆኗ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ቢከዳ ወይም ቢካድ ጉዳዩን በሚያውቀው ሕግ የሚዳኝ ቃዲ አያጣም። ሃይማኖቱ ለንግዱ ዋስ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በ1868 ግብጾች ገቡ። በ1879 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋ በሸዋው ንጉሥ፣ በኋላ አፄ በተባሉት በምኒልክ እጅ ወደቀች። በ1895 ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ተራራውን መውጣት ስለሚከብደው ከታች፣ ድሬዳዋ ላይ ቆመ፤ ንግዱም ተከትሎት ወረደ። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ባለርስት የነበሩት ሐረሪዎች መሬታቸውን አጡ። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ምት የተፈራረቀባት ከተማ ለምን አልጠፋችም?

የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ነደባውን ያስታውሰዋል። በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚል መደብ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ቀይነቱ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማሰብ ነው እየተባለ ይነገራል። በዚህ መደብ ላይ ሽማግሌ ይዳኛል፣ ጋብቻ ይጠየቃል፣ አፎቻ ይሰበሰባል። አፎቻ ለቀብርና ለሠርግ የሚደርስ ማኅበር ነው፤ ወንዶችም ሴቶችም የየራሳቸው አላቸው። ከለቅሶ የቀረ ሰው ስሙ ይነሣል። ስሙ የጎደፈ ሰው ደግሞ ገበያ ላይ በቃሉ ብቻ ዱቤ ማግኘት ይከብደዋል። መሬቱ ሲወሰድ ይህ አልተወሰደም፤ ከተማዋን ያቆማት እሱ ይመስለኛል።

ሁሉም ግን መልካም ፍሬ አላፈራም። ጫት በአዋቾች፣ ማለትም በከተማዋ ቅዱሳን አባቶች፣ መቃብር ዘንድ ለሚያድር ሰው የዚክር (ፈጣሪን የማወደሻ) እና የዱዓ ሌሊት ማንጊያ ነበር። ዛሬ ከአወዳይ ገበያ ተነሥቶ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ድረስ ይሸጣል። ገበሬው ለዘመናት የታወቀበትን ቡና እየነቀለ ጫት ተከለ፤ ልጆቹን የሚያስተምረው በእሱ ነውና አልፈርድበትም። ነገር ግን ለመስኖ የተቀዳውም ውኃ ተጨምሮበት፣ ሐረር ትጠጣው የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ደረቀ። ውኃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ አቅራቢያ፣ እስከ ሐሰሊሶ ወረድን። ከጎረቤት ጋር መስማማት ለዚህች ከተማ የጥም ጉዳይ ሆኗል።

ፖለቲካችንንም በዚሁ ዓይን ብናየው ደስ ይለኛል። በ1999 የሕዝብና ቤት ቆጠራ በክልሉ ከሚኖረው ሕዝብ ሐረሪዎች ከ10 በመቶ በታች ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሮሞ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ግን 14 መቀመጫ ያለው የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤና 22 መቀመጫ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ አሉት። አንዱ ወገን ይህ ለብዙኃኑ ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ታሪኩ እንዳይዋጥ ይሰጋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለብዙ ዘመን በየማለዳው በእነዚያ በሮች አብረው ሲገቡና ሲወጡ የኖሩ ሰዎች ይህን ቁጭ ብለው የማይፈቱበት ምክንያት አይታየኝም፤ ጥያቄውን በምርጫ ሰሞን ብቻ ማንሣታችን ነው የሚጎዳን።

እዚህ ለተቀመጣችሁ የክልሉ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚቀጥለው የልማት ዕቅድ ሲረቀቅ የአፎቻ እናቶችና በዙሪያችን ያለው ገበሬ ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሲጀመር ይጠሩ። ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ፦ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው ብራናና ሳንቲም ሰብስበው ሙዚየም አቁመዋል። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ያለው የአያቶቻችሁ የንግድ ደብተርና የውል ወረቀት ገና አልተነካም። በዚህ ዕረፍት ሣጥኑን አስከፍቱ፣ ወረቀቱን ቅዱ፣ ያልገባችሁን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ።

አመሰግናለሁ።