የሚመግል ጆሮን የሚያደርቀው ምንድን ነው? ከኬንያ ትምህርት ቤቶች የተገኘው መልስ

[ምስል፦ ትራስ ላይ የደረቀ ብጫ ነጠብጣብ]

ጆሮው የሚመግል ልጅ ያለበት ቤት ይህን ምልክት ያውቀዋል። ጠዋት ትራሱ ላይ ብጫ ነገር ደርቆ ይገኛል። ይሸታል። ለሳምንት ይጠፋና ልጁን ጉንፋን ሲይዘው ወይም ወንዝ ወርዶ ሲዋኝ እንደገና ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ አያምም። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው፤ ጆሮውን ይዞ የማያለቅስ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ አይወሰድም። ወላጅም መምህርም ልጁ መስማት እየቀነሰ መሆኑን የሚያስተውሉት ዘግይተው ነው፤ እስከዚያው «ይህ ልጅ እኮ ሲጠሩት አይሰማም» እየተባለ ይቆጡታል።

ሐኪሞች ይህን ሥር የሰደደ የመካከለኛ ጆሮ መግል ይሉታል። በዚህ ቪዲዮ የምናየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ጆሮ የሚያደርቀው ምንድን ነው? መልሱን የምንፈልገው ታካሚዎች በዕጣ በቡድን ተከፋፍለው ከተሠሩ የሕክምና ጥናቶች ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠቅሙን ሁለቱ የተሠሩት እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ነው።

[ምስል፦ የጆሮ ሥዕል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ]

አስቀድመን ቦታውን እንወቅ። ጣት የምናስገባበት ቀዳዳ መጨረሻው ላይ በስስ ሽፋን ተዘግቷል። ይህ ሽፋን የጆሮ ታምቡር ነው፤ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ከኋላው በአየር የተሞላ ትንሽ ክፍል አለ፤ ድምፅ የሚያስተላልፉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ያሉት እዚያ ነው። ከዚህ ክፍል ደግሞ አንድ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። የልጅ ጉንፋን ወደ ጆሮ የሚሻገረው በዚህ ቱቦ ነው።

ክፍሉ መግል ሲይዝ ታምቡሩ ይወጠራል፤ ልጁ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድርና ታምቡሩ ሲበሳ መግሉ ይፈሳል፣ ሕመሙም ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ራሱ ይዘጋል። ሳይዘጋ ቀርቶ ፈሳሹ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ሥር የሰደደ ይባላል። አንዳንድ የጆሮ ስፔሻሊስቶች ግን ስድስት ሳምንት ካልሞላው በዚህ ስም አይጠሩትም። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ጥናት ሲነበብ ግን ትልቅ ነው። ልጆቹን በሁለተኛው ሳምንት የሚመዘግብ ጥናት ውስጥ በራሳቸው ሊድኑ የነበሩ ብዙዎች ይገባሉ፤ ስለዚህ ምንም ዓይነት መድኃኒት ቢሰጣቸው ፈዋሽ መስሎ ይታያል። የማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ ጆሯቸው የሚመግል ሰዎች ከ65 እስከ 330 ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ከእነዚህ 60 በመቶው የሚጎዳ የመስማት ችግር አለባቸው። በ65 እና በ330 መካከል ያለው ርቀት ራሱ፣ ይህ በሽታ ምን ያህል ሳይቆጠር እንደኖረ ያሳያል።

[ምስል፦ የኬንያ ካርታ፣ ከናይሮቢ አጠገብ ኪያምቡ]

እ.ኤ.አ. በ1996 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት ወጣ። የተሠራው ኪያምቡ ወረዳ ውስጥ ባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ ጆሯቸው የሚመግል 524 ልጆች ተካተውበታል። ልጆቹ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ጆሮው በደረቅ ጥጥ እየተጠረገ አንቲባዮቲክና ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ፣ በአፍ የሚወሰድ አንቲባዮቲክም ተሰጠው። ሁለተኛው ተጠረገለት፣ መድኃኒት ግን አልተሰጠውም። ሦስተኛው በጥናቱ ጊዜ ምንም የተለየ ሕክምና አላገኘም።

ዕጣው የወጣው በልጅ ሳይሆን በትምህርት ቤት ነው። ምክንያቱን አስቡት፦ አንድ ክፍል ውስጥ ለአንዱ ልጅ ጠብታ ተሰጥቶ አጠገቡ ለተቀመጠው ቢከለከል፣ እረፍት ላይ ጠብታው ከጆሮ ወደ ጆሮ ይዞራል። ያኔ የትኛው ቡድን ምን እንዳገኘ መለየት አይቻልም። በትምህርት ቤት ማከፋፈል ይህን ይከላከላል፤ ዋጋው ግን አለው። የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ውሃቸውም አቧራቸውም አንድ ስለሆነ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ብዙ ልጅ ከጥቂት ትምህርት ቤት መውሰድ አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ብዙ ትምህርት ቤት ነው።

[ምስል፦ ሦስት ዓምዶች፦ 51፣ 22፣ 22]

በ16ኛው ሳምንት ጆሮዎቹ ታዩ። መድኃኒትና መጥረግ አብሮ ካገኙት 51 በመቶው ደርቆላቸዋል። መጥረግ ብቻ ካገኙት 22 በመቶ። ምንም ካላገኙት ደግሞ ያው 22 በመቶ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህ ቁጥር ለጤና ባለሙያ ከባድ ነው። ጆሮን በጥጥ ማድረቅ ርካሽ ስለሆነ፣ መድኃኒት በሌለበት አገር ሁሉ ብቻውን እንደ ሕክምና ሲታዘዝ ኖሯል። በዚህ ጥናት ግን ብቻውን ካለማከም አልበለጠም። ይህ ማለት መጥረግ ይቅር ማለት አይደለም። መግል በሞላበት ጆሮ ላይ የተንጠባጠበ መድኃኒት መግሉ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ሥጋው ጋ አይደርስም። መጥረግ ለጠብታው መንገድ ይጠርግለታል፤ መንገድ ተጠርጎ የሚያልፍበት ከሌለ ግን ጥቅም የለውም።

ጥናቱ ያልመለሰው ነገርም አለ። አንደኛው ቡድን ጠብታም የሚዋጥም መድኃኒት በአንድ ላይ ስላገኘ፣ የሠራው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ጠብታ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ለማየት ጠብታን ከጠብታ ማወዳደር አስፈለገ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ሁለተኛው የኬንያ ጥናት ያደረገው ይህን ነው። 427 ተማሪዎች ተመረጡ፤ ለግማሹ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ጠብታ፣ ለግማሹ በአልኮል የተሟሟ ቦሪክ አሲድ የተባለ ጀርም ገዳይ ተሰጠ። ቦሪክ አሲድ ርካሽ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ተቀምሞ ይሸጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሲፕሮፍሎክሳሲን 59 በመቶው፣ በቦሪክ አሲድ 32 በመቶው ደረቀ። ቀዳዳ ባለው ታምቡር በኩል አልኮል ሲገባ ያቃጥላል፤ ልጅ ደግሞ ያቃጠለውን ጠብታ ሁለተኛ ጊዜ እሺ ብሎ አይቀበልም።

[ምስል፦ በአንድ በኩል ክኒን፣ በሌላ በኩል የጠብታ ብልቃጥ]

ለምን ጠብታ? ሂሳቡ ይኸውና። ዜሮ ነጥብ ሦስት በመቶ ሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 3 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 3,000 ማይክሮ ግራም መድኃኒት ነው። አንድ ትልቅ ሰው የ500 ሚሊ ግራም ክኒን ሲውጥ በደሙ ውስጥ የሚገኘው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ግራም ነው። ጠብታው ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሥር የሰደደ ጆሮ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ሱዶሞናስ፣ በራሳቸው ልጋግ ተሸፍነው ሥጋው ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። በደም ዞሮ የሚመጣ ጥቂት መድኃኒት አይበግራቸውም። በየጊዜው የሚታዘዘው አሞክሳሲሊን ደግሞ ሱዶሞናስን ከነጭራሹ አይገድልም። አሞክሳሲሊን ቦታው ሁለት ሳምንት ያልሞላው አዲስ የጆሮ ሕመም ላይ ነው። ለወራት ለፈሰሰ ጆሮ አሞክሳሲሊን ደጋግሞ መስጠት ልጁን ተቅማጥ ከማስያዝ የዘለለ ፋይዳው ትንሽ ነው።

ሁሉም ጥናት ግን አንድ ዓይነት አልተናገረም። አውስትራሊያ ውስጥ የአገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት በአቦሪጂናል ልጆች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከሌላ የተቀላቀለ ጠብታ ጋር ሲነጻጸር 76 በመቶ ለ52 በመቶ መብለጡን አሳየ። ከአምስት ዓመት በኋላ እዚያው አገር፣ ቀደም ብለው ታክመው ባልዳኑ ልጆች ላይ ሁለቱ ጠብታዎች ሲወዳደሩ ግን ልዩነት አልታየም። ይህ ግራ ሊያጋባ አይገባም። የመጀመሪያውን ሕክምና የተቋቋመ ጆሮ ሌላ ጆሮ ነው። ስለዚህ ጥናት ስታነቡ ከውጤቱ በፊት እነማን እንደተመዘገቡ እዩ፤ ቀጥሎም ሁለት ጆሮው የሚመግል ልጅ አንድ ተብሎ ነው ወይስ ሁለት ተብሎ የተቆጠረው የሚለውን፤ ከዚያም ጆሮውን የመረመረው ሰው ልጁ የትኛውን እንደወሰደ ያውቅ ነበር ወይ የሚለውን። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 እነዚህን ጥናቶች ሁሉ ሰብስቦ ሲመዝን፣ አብዛኛውን ማስረጃ ደካማ ብሎ የፈረጀው እነዚህ ነገሮች በደንብ ስላልተጻፉ፣ የተሳታፊዎቹም ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ነው።

[ምስል፦ እጅ በቅርብ ርቀት፣ ሶፍት ሲጠቀልል]

አሁን ወደ እጃችን። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ወይም የማይበጣጠስ ወፍራም ሶፍት ውሰዱ፤ እንደ ጧፍ በጣታችሁ መካከል አሹሩት። በውሃ የሚበጣጠስ የሽንት ቤት ወረቀት አይሆንም፤ ቁራጩ ውስጥ ይቀራል። የኩክ ማውጫ ዘንግም አትጠቀሙ፤ መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋል። የልጁን ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ ሦስት ዓመት ካልሞላው ወደ ታችና ወደ ኋላ። ጧፉን አስገቡና ፈሳሹን እስኪመጥ ያዙት። አውጥታችሁ እዩት፤ ጫፉ ብጫ ሆኖ ረጥቧል። ጣሉትና በአዲስ ድገሙ። አራተኛው ወይም አምስተኛው ጫፉ ደርቆ ሲወጣ ጆሮው ለጠብታ ዝግጁ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ።

ብልቃጡን ለጥቂት ደቂቃ በመዳፋችሁ አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጠብታ ልጁን ያዞረዋል። በጎኑ አስተኙትና የታዘዘውን ያህል አንጠብጥቡ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ትንሽ ለስላሳ ክዳን አራት አምስት ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርጉ። ይህ ጠብታውን በታምቡሩ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ልጁ «ጉሮሮዬን መረረኝ» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ መድኃኒቱ በቱቦው በኩል እስከ ጉሮሮ ደርሷል ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ይተኛ።

ሕክምናው የሚከሽፈው የት ነው? አንዱ ብልቃጡ ላይ ነው። 5 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 100 ጠብታ ገደማ ይይዛል። አምስት አምስት ጠብታ በቀን ሁለት ጊዜ ብትጠቀሙ በአሥረኛው ቀን ያልቃል፤ ሁለቱም ጆሮ ከሆነ በአምስተኛው። ሕክምናው ግን ሁለት ሳምንት ነው። የሚያዘው ባለሙያ ይህን ካላሰላ ልጁ መሀል ላይ ያቆማል። የጆሮው ጠብታ ከጠፋ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው የዓይን ሲፕሮፍሎክሳሲን ለጆሮ ይሆናል፤ የጆሮን ግን ፈጽሞ ዓይን ውስጥ አታድርጉ። ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ጠብታ ታምቡሩ በተበሳ ጆሮ ውስጥ ሲገባ የውስጥ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይህ ችግር የለበትም። ቅቤ፣ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አይግባ። ሲታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ቀዳዳው ላይ ይደረግና ወዲያው ይውጣ።

[ምስል፦ ከጆሮ ጀርባ ያበጠ ቦታ]

በአምስተኛው ቀን ተመልሶ ይታይ። ከጆሮው ጀርባ ካበጠና ሲነኩት ካመመው፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መደንዘዝ ወይም የፊት መጣመም ከመጣ ቀን ሳይቆጠር በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂድ። በትክክል ተጠርጎ፣ በትክክል ተንጠባጥቦ በማይደርቅና ክፉኛ በሚሸት ጆሮ ውስጥ ደግሞ ታምቡሩ ጫፍ ላይ ቆዳ ወደ ውስጥ እየበቀለ አጥንት ሊበላ ይችላል። ኮሌስቲያቶማ ይባላል። ጠብታ አያድነውም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።

[ምስል፦ ሦስት ዓምዶች፦ 15፣ 13፣ 13]

ወደ ኪያምቡ አንድ ጊዜ እንመለስ። ደረቅ ጆሮ ማለት የተዘጋ ታምቡር ማለት አይደለም። በዚያው 16ኛ ሳምንት ታምቡራቸው የገጠመላቸው 15 በመቶ፣ 13 በመቶ እና 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ መግሉን አቆመ፤ ቀዳዳውን ግን አልዘጋም። ቀዳዳውን የሚዘጋው የጆሮ ሐኪም ነው፤ ከጆሮ በላይ ካለው የጡንቻ ሽፋን ስስ ቁራጭ ወስዶ ይጥፈዋል። ለዚያ ጆሮው ደርቆ መቆየቱ ይረዳል። ልጁ ተራው እስኪደርስ ድረስ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ክፍል ውስጥም ፊት ወንበር ላይ፣ ደህናው ጆሮው ወደ መምህሩ ዞሮ ይቀመጥ።