ኪራዩን ማን ይከፍላል?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራችሁ ስላስወጣናችሁ ይቅርታ። ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም።

ወደዚህ ቤት የገባንበትን ቀን የምታስታውሱ አላችሁ። የትራንስፎርመር ማኑዋሎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን በአይሱዙ ጭነን መጣን። የመጨረሻው ከረጢት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ዕቃውን በሞባይል መብራት አስገባ። ጋሼ ጥበቃው እስከ ዛሬ ይስቁብናል።

አሁን ደግሞ ልንነሣ ነው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ኪራይ ቢሮ ልስጣችሁ ብሎናል። ኪራይ ወገባችንን ስላጎበጠው ብዙዎቻችሁ «ምን ይጠየቃል? እንግባ እንጂ» ብላችኋል። እኔ ግን ትንሽ ላዘግያችሁ።

የእኛው ሙያ ዘመድ የሆነ አንድ ድርጅት አለ፤ ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ፣ አይሬና። እ.ኤ.አ. ጥር 2009 ቦን ላይ ሲመሠረት 75 አገሮች ፈረሙ። መቀመጫው የት ይሁን ሲባል ቦን፣ ቪየና እና አቡ ዳቢ ተፎካከሩ። በዚያው ዓመት ሰኔ ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተሰብስበው አቡ ዳቢን መረጡ። ለቦን የፈጠራና የቴክኖሎጂ ማዕከሉ፣ ለቪየና የግንኙነት ቢሮው ደረሳቸው። ነዳጅ ሻጭ አገር ለፀሐይና ለነፋስ ድርጅት ቤት ስትሰጥ ያኔ እኔም ግር ብሎኝ ነበር።

ግን ኤምሬቶች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አቡ ዳቢ ባለችው ማስዳር ከተማ ውስጥ ሕንፃ እንሠራለን አሉ። በዚያ ላይ ኤጀንሲው ለሚመርጣቸው የታዳጊ አገሮች ፕሮጀክቶች 350 ሚሊዮን ዶላር ቀላል ብድር በአቡ ዳቢ የልማት ፈንድ በኩል፣ በሰባት ዙር። ልብ በሉ፣ መጠኑም ዙሩም ተቆጥሯል። እንዲያም ሆኖ ሠራተኞቹ ማስዳር የገቡት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቃል የተገባው ቤት ስድስት ዓመት ፈጀ ማለት ነው። የአባል አገሮቹ መዋጮም አልቀረም፤ በተባበሩት መንግሥታት ስሌት መሠረት እያንዳንዱ ድርሻውን ይከፍላል። አስተናጋጁ አለ ብሎ እጁን መሰብሰብ የለም። (የሁለት ዓመት መዋጮ ያለባችሁ ጓዶች፣ ወደ እናንተ አላየሁም።)

ቤት የሚያስለቅቀው ደግሞ ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም። የነዳጅ ላኪ አገሮች ድርጅት ኦፔክ እ.ኤ.አ. በ1965 ከጄኔቫ ወደ ቪየና የሄደው ስዊዘርላንድ የዲፕሎማሲ መብት አልሰጥም ስላለች፣ ኦስትሪያ ደግሞ እሺ ስላለች ነው።

ከቅርባችንም አፍሪካ አዳራሽ አለ። ጃንሆይ አሠርተው እ.ኤ.አ. በ1961 ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሰጡት። የሚያምር ስጦታ ነው። ግን ሕንፃ ያረጃል። እድሳቱ ሲመጣ የተባበሩት መንግሥታት ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር መመደብ ነበረበት። ስጦታ የተቀበለ ጣሪያውንም ተቀብሏል።

ስለዚህ የሚሰጠን ቢሮ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የማንም ኃላፊ ውለታ አይደለም። ኃላፊው ሲቀየር «በቃል ተነጋግረን ነበር» ብንል ማን ይሰማናል? ለስንት ዓመት እንደሆነ ይጻፍ። ጥገናው በማን እንደሆነ ይጻፍ። ውጡ ከተባልን ስንት ወር እንደሚሰጠን ይጻፍ። የመንግሥትን የታሪፍ ጥናት በምንተችበት ሳምንት ቁልፉ አይቀየርብንም ወይ? ይኼ ጥያቄ የሚያስቀይም ከሆነ አሁን ይቀየሙን፤ ዕቃችንን ሳንጭን።

የውሉ ረቂቅ ወንበራችሁ ላይ አለ። ገጽ 3 ላይ የጥገናው አንቀጽ ባዶ ነው፤ ጽሕፈት ቤታችን ረስቶት አይደለም፤ እነሱ ስላልሞሉት ነው። ለምልዓተ ጉባኤ ሁለት ሰው ይጎድለናል። ደረጃው ላይ ናቸው አሉ። እስኪደርሱ እሷን ገጽ አንብቡ።