ትንሽ ነው የቀረው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን።

ብቻውን የሚያወራ ሰው ትንሽ ያስቃል አይደል? ሰሞኑን ግን ከእኔ የባሰ ብቻውን ሲያወራ የነበረ ሰው ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል። ሄንሪ ዎርስሊ ይባላል። የእንግሊዝ ጦር ሌተና ኮሎኔል ነበር፤ ልዩ ኃይል ውስጥ ያገለገለ ሰው። በትርፍ ጊዜው ደግሞ ለእስረኞች ጥልፍ ያስተምር ነበር። ይህቺን ሳነብ ነው ሰውየውን የወደድኩት።

36 ዓመት አገልግሎ ከጦሩ ወጣ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 አንታርክቲካን ብቻውን ሊያቋርጥ ተነሳ። የሚጎትት ውሻ የለ፣ በነፋስ የሚገፋ ሸራ የለ፣ መንገድ ላይ ስንቅ የሚያቀብል የለ። 150 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ጓዙን ስሌድ (በረዶ ላይ የሚንሸራተት መጎተቻ) ላይ ጭኖ፣ በወገቡ አስሮ ይጎትታል። ማታ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ በሳተላይት ስልክ የዕለቱን ውሎ ይቀዳል። ፖድካስት በሉት።

የዎርስሊ ጀግና የድሮው የአንታርክቲካ አሳሽ ኧርነስት ሻክልተን ነበር። ስለ አመራር ንግግር ሲያደርግም ምሳሌው እሱ ነው። ሻክልተን በጃንዋሪ 9 ቀን 1909 ደቡብ ዋልታ ለመድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ዞሮ ተመለሰ። ስንቁ እያለቀ ነበር። ከእሱ ጋር የነበሩት ሦስቱም በሕይወት ተመለሱ። ለሚስቱም “ከሞተ አንበሳ በሕይወት ያለ አህያ ይሻልሻል ብዬ ነው” አላት ይባላል። መጽሐፈ መክብብ ላይ ውሻ ነው፤ እሱ አህያ አደረገው። ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2009፣ ዎርስሊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እዚያው ቦታ ላይ ቆሟል።

እንግዲህ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ከዎርስሊ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ በ2015ቱ ጉዞ እሱ ራሱ “በቃኝ” ለማለት ለምን ዘገየ?

እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የማስረክበው ሥራ ነበረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሆዴን ቁርጥ ያደርገኛል። “ትንሽ ነው የቀረው” እያልኩ ቀጠልኩ። በአራተኛው ቀን ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። የሚገርመው፣ በዚያው ሳምንት አንዷ ባልደረባዬ ራሴን አመመኝ ስትለኝ “ተነሺ፣ ሂጂ ቤትሽ” ብዬ ላፕቶፗን የዘጋሁባት እኔው ነኝ።

ሻክልተን ዞር ሲል ሦስት ሰዎች ነበሩ። ፊታቸውን ያያል፣ ከንፈራቸውን ያያል። ዎርስሊ ግን ዞር ቢል የሚያየው ስሌዱን ነው። የሌላው ሰው ድካም ፊቱ ላይ ይነበባል። የራስህን ፊት መቼ ታያለህ? ስለ አመራር የሚያወሩ ሰዎች ይህቺን ሲዘሏት ይገርመኛል። ሁሉም ሌላውን ስለ መምራት ነው የሚያወራው።

ዎርስሊ በጃንዋሪ 2 ቀን 2016 ደቡብ ዋልታ ደረሰ። እዚያ የምርምር ጣቢያ አለ፤ ሙቅ ክፍልና ምግብ አለ። እርዳታ ከወሰደ ጉዞው “ያለ እርዳታ” መባሉ ስለሚቀር ምንም ሳይነካ አለፈ። በ71ኛው ቀን፣ 1,469 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ጉዞውን ለመጨረስ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ አውሮፕላን ጠራ። ወደ ቺሊ፣ ፑንታ አሬናስ ወሰዱት። የሆድ ዕቃው ሽፋን ተመርዞ ነበር። ቀዶ ሕክምና ቢያደርጉለትም ጃንዋሪ 24 ቀን አረፈ። 55 ዓመቱ ነበር።

በስልክ የቀዳው የመጨረሻ ድምፁ አለ። ሻክልተን በተመለሰባት ቀን ማስታወሻው ላይ የጻፈው፣ ወደ አማርኛ ሲተረጎም፣ “የመጨረሻ ጥይታችንን ተኩሰናል” ዓይነት ነገር ነው። ዎርስሊም ያንኑ አባባል ደገመው። አንዲት ቃል ብቻ ጨመረባት፤ “እኔም” አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሻክልተን ያኔ ከሞተ 94 ዓመት ሆኖት ነበር።