«አዎ» ያለው ወንድሜ

ክቡራትና ክቡራን፣ ይግባኝ ሰሚዎች፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ከፊት የተቀመጣችሁ ባለጉዳዮች፣ እንደምን አላችሁ?

ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ስለ እሱ እንዳወራ ፈቅዶልኛል። «ስሜን ግን እኔ ነኝ የምናገረው» ብሎኛል።

አንድ ቀን፣ ቤት ድረስ ደጋፊ እየመጣ የሚረዳበት ሰዓት ሊቀነስ ነው የሚል ደብዳቤ ድጋፉን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት መጣ። አራት ገጽ ነው፤ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ የታጨቀ። እኔ ራሴ ሁለቴ አንብቤ ነው የገባኝ። የይግባኝ ቀነ ገደቡ የተጻፈው መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል ነበር። ፖስታው ላይ ያለው ስም የወንድሜ ነው። ከደብዳቤው ውስጥ ለይቶ ያወቀውም ስሙን ብቻ ነው።

ይግባኝ አልን። ቀን ተቆረጠልን፣ ሄድን። ጉዳዩን ያዩት ሰው ጨዋ ነበሩ፤ ይህን አልክድም።

«ገላህን ራስህ ትታጠባለህ?» አሉት።

«አዎ።»

«ምግብ ታሞቃለህ?»

«አዎ።»

«ብቻህን ትወጣለህ?»

«አዎ።»

ወንድሜ ዞር ብሎ ፈገግ አለልኝ። ፈተና ያለፈ መስሎት ነበር። ውሳኔው ላይ «ራሱን ችሎ ይኖራል» ተብሎ ተጻፈ።

እናቴ ውሃውን ካልለካችለት፣ ሳሙናውን እጁ ላይ ካላስቀመጠችለት፣ «አሁን ፀጉርህን፣ አሁን ጀርባህን» ካላለችው፣ ወንድሜ ሻወሩ ሥር ዝም ብሎ ይቆማል። ታዲያ ዋሸ ማለት ነው? በፍጹም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ሥልጣን ያለው ሰው ሲጠይቃቸው «አዎ» ማለት ይቀናቸዋል። ይህ በጥናት በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ «እሺ በል» እየተባለ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይበል?

«ዛሬ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ምን አደረግህ? ማን ነበር አጠገብህ?» ቢባል ኖሮ እውነቱ ይወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ወንድሜ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ዝም ሲል ሰው ይጨንቀውና ጥያቄው ወደ እናቴ ይዞራል። እባካችሁ አታዙሩት።

ይህ የደግነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 13 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ፍትሕ እንዲያገኙ የሥነ ሥርዓት ማስተካከያ እንዲደረግላቸው ያዛል። በ2020 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በዚሁ ጉዳይ ያወጡት መመሪያ ደግሞ ይህ ማስተካከያ ከአቅም በላይ ነው በሚል ሰበብ እንደማይገደብ ይናገራል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ በወንጀል ጉዳይ ጥያቄውን ለምስክሩ በሚገባው መንገድ የሚያደርሱ፣ መልሱንም ለፍርድ ቤቱ የሚያስረዱ የሠለጠኑ ገለልተኛ ሰዎች አሉ። ወንጀል ላየ ምስክር ይህ ከተቻለ፣ የራሱ ኑሮ ለሚወሰንበት ሰው የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላም አለ። ሰዓቱ ይቀነስ ያለው መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ወዲህ ምን እንደተለወጠ የማስረዳት ሸክሙም የእሱ መሆን አለበት። እኛ ግን ያለ ጠበቃ፣ ያለ ሙሉ ፋይል፣ ወንድሜ ዛሬም ያው ወንድሜ መሆኑን እንድናስረዳ ተጠየቅን። የቀነሰው ክፍልና ይግባኙን የሰማው ክፍል ደግሞ ያው አንድ አለቃ ነው ያላቸው። ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ! ይግባኙ ሳይታይም ሰዓቱ ተቀነሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 ጎልድበርግ እና ኬሊ በተባለው መዝገብ ላይ የመንግሥት እርዳታ የሚያገኝ ሰው እርዳታው ከመቋረጡ በፊት መሰማት አለበት ብሎ ወስኗል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው! ድጋፍ አንዴ ከተቋረጠ በኋላ ቢፈረድልህ እንኳ፣ በመሃል ያለፉትን ወራት ማን ይመልስልሃል?

አሁን ደግሞ ስለ እኛ፣ ስለ ቤተሰቦች። ይግባኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስለ ገላ መታጠብ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ምግብ ጻፍኩ። ውሳኔው ከመጣ በኋላ አንድ ማታ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «አንተ ምን እንዲባልልህ ነበር የፈለግኸው?» አልኩት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ልነሳ ስል «ሰኞ ማን ይመጣል?» አለኝ።

ለካ የሚያስጨንቀው ይህ ነበር። ሰኞ ሰኞ አብራው በእግር የምትወጣው ደጋፊ ትመጣለች ወይስ አትመጣም? ይግባኜ ውስጥ ስለ እሷ አንድ መስመር አልነበረም። አልጠየቅኩትማ! በእሱ ጉዳይ ላይ እኔም እንደ መሥሪያ ቤቱ እሱን አልፌው ሄጄ ነበር። ይህን ስናገር አሁንም ይከብደኛል።

እንግዲህ ደብዳቤ ስትጽፉ የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን እንደሚቀር፣ ምን እንደሚቀጥል፣ ማን መቼ እንደሚመጣ አስቀምጡ። አጭር አድርጉት፤ ካስፈለገም በሥዕል። ቀነ ገደቡን ከላይ፣ በትልቁ ጻፉት። ስልክ ደውላችሁም አስረዱ። ባለጉዳዩ የሚያምነውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ ይምጣ። ጥያቄዎቻችሁን አስቀድማችሁ ላኩለት፣ ቤቱ ሆኖ ያስብባቸው። ሲደክመው እረፍት ስጡት። ውሳኔውንም እሱ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት።

ወንድሜ እዚህ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነው ያለው። እሱም የሚናገረው አለ። ማይኩን ልስጠው። ስሙን ራሱ ይነግራችኋል፤ ትንሽ ጠብቁት።